ነጻ የተባለ ደረት፦ መንስኤው ያልታየ የደረት ሕመም በነቀምትና በወለጋ ከተሞች

መንስኤው በምርመራ ያልተገኘ የደረት ሕመም የሚባለው፣ ልብና ሳንባ ተመርምረው ጉዳት ሳይታይባቸው ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ውጋት፣ ማቃጠል፣ መጨምደድ ወይም ጫና ነው። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ በግራ ጡቱ ሥር ወይም በደረቱ መሐል ያመለክታል። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል፤ ቀን ደግሞ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ይይዘውና ልቡ የቆመ ያህል ያስደነግጠዋል። ራጅ ይነሣል፣ ደም ይሰጣል፣ የልብ ምርመራ ያደርጋል፤ ውጤቱ «ነጻ ነው» ይባላል። ሕመሙ ግን አይቀርም። እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች፣ ደረቱን አሞት ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚመጣው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው የሕመሙ ምንጭ ልቡ ሆኖ አይገኝም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ነቀምትና ከእርሷ ወዲያ ያሉት ጊምቢ፣ ነጆ፣ አይራ፣ ደምቢ ዶሎ ለዚህ ሕመም ታሪክ ጥሩ ምስክሮች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ዘመናዊ ሕክምና ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሥር ሰድዷል፤ ከእርሱ የቀደመው የኦሮሞ ሕዝብ የፈውስ ሥርዓትም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ሕመም በየዘመኑ ምን መልስ ይሰጥ እንደነበር ተከታትሎ ማየት ይቻላል።

ከሆስፒታል በፊት በነበረው ዘመን የደረት ሕመም በሁለት መንገድ ይታይ ነበር። አንደኛው አካላዊ ነው። ውጋት ብርድ ሲገባ፣ ሸክም ሲከብድ፣ ምች ሲመታ የሚመጣ ተደርጎ ይታሰባል፤ መድኃኒቱም በአካል ላይ የሚሠራ ነው። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ጤና አዳም ይቀመማል፣ ጎንና ደረት በቅቤ ይታሻል። ሕመሙ ሲጸና ዋጋሚ ይጠራል። ዋጋሚው የሚያመው ቦታ ላይ ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ የከብት ቀንድ ይደፋበታል፤ ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳዋን በሰም ይደፍናል። ቀንዱ ቆዳውን ወደ ላይ ይዞ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሲነሣ የረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። በጋለ ብረት መተኮስም ነበር፤ ዛሬም በሽማግሌዎች ደረትና ጎን ላይ ትንንሽ ክብ ጠባሳዎች ይታያሉ። እነዚህ ዘዴዎች አደጋ አላቸው፤ ባልጸዳ ምላጭ የሚተላለፍ በሽታ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ቀለለኝ ማለቱ ግን እውነት ነው። የደረት ጡንቻና የጎድን አጥንት ሕመም በተፈጥሮው የሚነሣና የሚተኛ ነው፤ አዲስ የሚፈጠር ሕመም ደግሞ የመጀመሪያውን ለጊዜው ያደበዝዘዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሰውየው ከሌሎችና ከፈጣሪ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራል። በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ ሳፉ የሚባለው የክብርና የግብረ ገብ ሥርዓት ሲጣስ፣ ወላጅ ሲያዝን፣ ወንድም ከወንድሙ ሲቀያየም፣ አያና ለሚባለው መንፈስ የሚገባው ሲጓደል ጤና ይናጋል የሚል እምነት አለ። ስለዚህ መንስኤው የጠፋ ሕመም ቃሉ ወደሚባለው የእምነት መሪ ገልማ፣ ወደ ሥርዓቱ ቤት፣ ይወሰዳል፤ ቃሉውም «የት ያመሃል» ብቻ ሳይሆን «ከማን ጋር ተጣልተሃል፣ ምን ተስለህ አስቀረህ» ብሎ ይጠይቃል። ስዊድናዊው ምሁር ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በሜጫ ኦሮሞ መካከል ያለውን የቃሉ ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትሟል፤ በወለጋ ለረጅም ዘመን የኖሩት ሆላንዳዊው ካህን ላምበርት ባርተልስም የምዕራብ ኦሮሞን እምነትና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት መጽሐፍ በሰፊው መዝግበዋል። በኦርቶዶክስ ምእመናን ቤት ደግሞ ጸበልና የንስሐ አባት ተመሳሳይ ድርሻ ነበራቸው። ይህን ሁሉ በደፈናው ጥንቆላ ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። የሚያስፈራራና የሚዘርፍ ጠንቋይ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ስለ ሐዘኑ፣ ስለ ጠቡና ስለ ፍርሃቱ ሳያፍር የሚናገርበት ቦታ ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጡት ተቋማት ይህን ቦታ ለመተካት ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የዘመናዊው ሕክምና መግቢያ ከወንጌል ሚሲዮኖች ጋር የተሳሰረ ነው። ትምህርቱ ከሕክምናው ይቀድማል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኦነሲሞስ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምት ሲመለሱ የከተማዋ ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ እያደገ ሲሄድ ሕዝቡም ገዥዎቹም አጥብቀው የጠየቁት ሐኪም ነው። ጥያቄውን ያከበደው በ1911 ዓ.ም. ያለቀው ሕዝብ ነበር። የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ሳንባን የሚያፍን በመሆኑ የደረት ሕመምን ከሞት ጋር አያይዞ አለፈ። በዚያው ወረርሽኝ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥቶ በባሮ ወንዝና በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ወጣና ሕክምና ጀመረ። ላምቢ ኋላ በአዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል የሠራና ኢትዮጵያዊ ዜግነት የወሰደ ሰው ነው። የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1928 አይራ ገባ፤ ሥራውም ኋላ ወደ ሆስፒታል አደገ። ጊምቢ ላይ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ተተከለ። በነቀምት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ያቋቋመው ሆስፒታል ስሙ ከዶክተር ኤሪክ ሶደርስትሮም ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ሐኪሙ በጣልያን ወረራ ከተፈጠረው መቋረጥ በፊትም ከነጻነት በኋላም በወለጋ ብዙ ዓመት አገልግለዋል።

የዚያ ዘመን ሐኪም ደረት ያመመውን ሰው የሚመረምርበት ነገር ጥቂት ነበር፦ እጁ፣ ጆሮውና ማዳመጫው። ማዳመጫ በፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 የተፈለሰፈ መሣሪያ ነው። በእርሱ የሳንባ ምች፣ ውኃ የቋጠረ ደረትና በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የተበላሸ የልብ በር በደንብ ይለያሉ። በኢትዮጵያ ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ በሽታዎች ዋነኛው ይኸው የልብ በር ጉዳት ስለሆነ የማዳመጫው ጥቅም ትልቅ ነበር፤ ዛሬም ነው። ሳንባ ነቀርሳም በየመንደሩ ነበረ። ሐኪሙ እነዚህን ሲያጣ ግን በእጁ የሚቀረው የሕመምተኛው ቃል ብቻ ነበር።

ያ ቃል የሚያልፈው በድሬሰር አፍ ነው። ድሬሰር ቁስል ከማጠብና መርፌ ከመውጋት አልፎ የሐኪሙና የሕመምተኛው አስተርጓሚ ነበር። አሮጊቷ በኦሮምኛ «ልቤን ይወጋኛል፣ ልጄ ከሞተ ወዲህ» ስትል፣ ከሁለቱ ነገሮች የትኛው ወደ ሐኪሙ ጆሮ እንደሚደርስ የሚወስነው እርሱ ነው። ጥሩ ድሬሰር ሁለቱንም ያደርሳል፤ የቸኮለ ድሬሰር «ደረቷን ያማታል» ብሎ ያሳጥረዋል። ከነቀምት ሆስፒታል ረዳቶች አንዱ በቦጂ እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለዱት፣ ኋላ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በወጣትነታቸው በዶክተር ሶደርስትሮም ሥር በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። የተሰበረ አጥንትና የተሰበረ ልብ በአንድ ወረፋ ቆመው ባዩበት ቤት ያገኙት ልምድ በኋላ ዘመን ሐሳባቸው ላይ ሳይታይ አልቀረም።

በሌላው ዓለምም ሐኪሞች ከዚሁ እንቆቅልሽ ጋር ይታገሉ ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄበርደን እውነተኛውን የልብ ውጋት፣ በእግር ጉዞ የሚነሣውንና በዕረፍት የሚተወውን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገልጾ ነበር። ከእርሱ ጋር የማይስማማው ሌላው ዓይነት ጎልቶ የወጣው በጦር ሜዳ ነው። አሜሪካዊው ጄኮብ ዳ ኮስታ በአገሩ የርስ በርስ ጦርነት የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠንና ድካም ያለባቸውን፣ ግን የልብ ጉዳት ያልተገኘባቸውን ወታደሮች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1871 ጻፈ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዲህ ያለው ወታደር በሺዎች ተቆጠረ። ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው መጽሐፍ፣ አልጋ ላይ ከማስተኛት ይልቅ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር እንቅስቃሴ እንደሚበጅ አሳየ። ፖል ዉድ እ.ኤ.አ. በ1941 አንድ እርምጃ ቀጠለ፦ የሕመሙ ሥር ፍርሃትና ጭንቀት መሆኑን፣ «ልብህ ደካማ ነው» የሚል የሐኪም ቃልም ሕመሙን እንደሚያጸናው ተከራከረ። ይህ ትምህርት ለወለጋም ይሠራል። «ልብ ድካም አለብህ» የሚለው ሐረግ በትንሽ ክሊኒክ በችኮላ ከተነገረ ሰውየው እርሻውን ይተዋል፣ ሸክም ይፈራል፣ ትዳሩ ይናጋል፤ ከዓመታት በኋላ ስሕተት ነበር ቢባል እንኳ ፍርሃቱ ከልቡ አይወጣም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በጥናት የታየው ዘግይቶ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የሠራው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረባው ቫን ሉይክ ጋር በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። ጭንቀትና ድብርት የሠለጠነው ዓለም በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ገና ባልጠፋበት ጊዜ፣ እነዚህ ችግሮች በትንሽ ከተማም የተለመዱ መሆናቸውን አመለከተ። በጤና ጣቢያ ወረፋ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ «ተጨንቄአለሁ» ብሎ አይመጣም። ራሴን፣ ደረቴን፣ ሆዴን ብሎ ይመጣል፤ የሚሰማውም በእርግጥ እዚያ ነው። ሕመሙን ፈጥሮታል ማለት አይደለም። የተጨነቀ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የደረቱ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ እንደተወጠሩ ይውላሉ፤ በፈጣን ትንፋሽ የተነሣ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣቱ ይደነዝዛል፣ ራሱ ይዞራል፣ ደረቱ ይታፈናል።

ከወለጋ የወጣው ትልቁ መልስ ግን ከሕክምና መጽሔት አልመጣም። ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. በቄስ ጉዲና ዋና ጸሐፊነት የምትመራው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የውጭ ረጂዎች ገንዘባቸውን ለልማትና ለሕክምና ብቻ እየሰጡ መንፈሳዊውን አገልግሎት መለየታቸውን ተቃወመች፤ ሰው በሥጋና በነፍስ ተከፋፍሎ የሚረዳ ፍጡር አይደለም፣ ሙሉ ሰው ሆኖ መታየት አለበት አለች። ደብዳቤው ስለ ደረት ሕመም የተጻፈ አይደለም። ሆኖም ራጁ ነጻ ስለሆነ ብቻ ከሆስፒታል በር የተመለሰውን ሰው ችግር ከዚህ የተሻለ የገለጠ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ማግኘት ያስቸግራል። ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። በእነዚያ ዓመታት በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት የተስፋፋው የጸሎትና የፈውስ እንቅስቃሴም ሐኪም «የለብህም» ያለውን ሕመም ይዞ ለሚመጣ ሰው በሩን ከፍቶ ቆይቷል። እጅ ተጭኖበት፣ አልቅሶ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቃቅፎ የሚወጣው ሰው ቀሎት ይሄዳል። ጉዳቱ የሚመጣው የጸለዩለት ሰዎች መድኃኒት ጣል ሲሉት ነው፤ የልብ በር በሽታ ያለበት ወጣት በየወሩ የሚወስደውን የፔኒሲሊን መርፌ ማቋረጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ (ዓ.ም.) ነገሩ መልኩን ለወጠ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ሪፈራል ሆስፒታሉም ተከተለ። የግል ክሊኒኮች በነቀምት መንገዶች ዳር ተደረደሩ፤ ኢሲጂ፣ አልትራሳውንድ፣ ኤንዶስኮፒ፣ ቀጥሎም ኢኮ የሚሉ ማስታወቂያዎች ተሰቀሉ። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ቀድሞ ሞት ብቻ ይገልጠው የነበረ በሽታ ዛሬ በጊዜ ይታያል። ነገር ግን ምርመራው ነጻ ለሚወጣለት ሕመምተኛ አዲስ የሥቃይ ዙር ተከፈተ። እንዲህ ያለው ሰው በፌስታል ይታወቃል። በፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ የራጅ ፊልም፣ የሦስት የተለያዩ ክሊኒኮች ካርድ፣ የኦሜፕራዞል ባዶ ሽፋን፣ የደም ውጤትና የኢሲጂ ወረቀት አለ። የኢሲጂው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከጊዜ ብዛት መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፤ አዲሱ ሐኪም ማንበብ ያቅተውና እንደገና ይታዘዛል። ነቀምት ላይ ያልተገኘ ነገር አዲስ አበባ ይገኛል ይባላል፤ ቡና ይሸጣል፣ በሬ ይሸጣል፣ ብድር ይገባል። አዲስ አበባም ደርሶ ውጤቱ ያው ነው። የሚመለሰው ከሕመሙ ጋር፣ በላዩም ላይ ከዕዳ ጋር ነው። ይህ ዙር የሕመምተኛው ሞኝነት አይደለም፤ የሚያመውን ነገር ስም የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው።

በአብዛኛው ጊዜ ስም አለው። ከታወቁት ምንጮች አንዱ የጎድን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ልስልስ አጥንት መቆጣት ነው፤ በጣት ሲጫኑት ያመዋል፣ በሸክምና በሳል ይብሳል። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቲትሴ እብጠት ያለበትን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1921 ገልጾታል። እንጨትና ውኃ በጀርባ የሚሸከሙ፣ ገመዱን በደረታቸው የሚያሥሩ ሴቶች በሚበዙበት አገር ይህን ቀድሞ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሌላው ከጨጓራ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚመለስ አሲድ ነው፤ ሲተኙ፣ በልተው ሲጎነበሱ ያቃጥላል። ልብና የምግብ ቧንቧ ሕመማቸውን ወደ አንጎል የሚልኩበት የነርቭ መንገድ ስለሚቀራረብ የአንዱ ሕመም የሌላው መስሎ ይሰማል። ሦስተኛው ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ነው። አራተኛው ደግሞ ሐኪሞችን ራሳቸውን ትሕትና ያስተማረ ነው፦ ትልልቆቹ የልብ ደም ሥሮች ንጹሕ ሆነው ትንንሾቹ በሚገባ ሳይሰፉ ሲቀሩ እውነተኛ የልብ ውጋት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሐኪሙ ሃርቬይ ኬምፕ መንስኤው ያልታወቀ ብሎ «ሲንድሮም ኤክስ» ሲል የጠራው ይህ ነበር፤ ዛሬ በተለይ በሴቶች እንደሚታይ ይታወቃል። ለዓመታት «ጭንቀት ነው» የተባሉ ብዙ ሴቶች በዚህ ምክንያት ተበድለዋል።

የቅርቡ ዘመን የወለጋን ሕዝብ ልብ ብዙ ነገር አሳይቶታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአጎራባቹ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ነቀምትና አካባቢዋ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በነበሩት ዓመታት በወለጋ ዞኖች ግድያና መፈናቀል ኦሮሞውንም አማራውንም ሌላውንም አዳርሷል፤ በ2012 ዓ.ም. ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤተሰብ ከቤተሰብ ድምፅ መስማት አቅቶት ነበር። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛ ይቀራል፣ መድኃኒት ያልቃል። ዳ ኮስታ በወታደሮች ላይ ያየው ሕመም፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ የሚነሣው የደረት መታፈን፣ በሲቪሎች ዘንድ መምጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ለዚህ ሕመም ራጅ ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም።

የሚበጀው ነገር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ በሚገባ የተደረገ ምርመራ፣ የውጤቱ ግልጽ ማብራሪያ፣ ለጥቂት ሳምንታት በቁጥጥር የሚሞከር የአሲድ መድኃኒት፣ ዝግ ያለ የትንፋሽ ልምምድ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሥራ መመለስ፣ ጭንቀትና ድብርት ሲኖር ለእርሱ የሚሰጠው የምክርና የመድኃኒት እርዳታ ብዙዎችን ያሻሽላል። ሕመምተኛውም ሁልጊዜ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም የሚያስሮጡትን ምልክቶች ማወቅ አለበት፦ በእንቅስቃሴ የሚነሣ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትኩሳት ያለበት ሳልና የእግር እብጠት። ከዚህ ቀደም ነጻ የተባለ ሰውም ቢሆን እነዚህ ሲመጡ እንደ አዲስ መታየት ይገባዋል።

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በአይራና በደምቢ ዶሎ ካርድ የሚይዙ ሐኪሞችና ነርሶች አንድ ነገር ቢያደርጉ የፌስታሉ ዙር በእጅጉ ያጥራል። በካርዱ ላይ «ነጻ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ ሕመሙ ከየት ይመጣል ብለው እንደሚያስቡ፣ ለሕመምተኛው ምን እንዳስረዱት፣ የትኛው ምርመራ መደገም እንደሌለበትና ተመልሶ የሚታይበትን ቀን ይጻፉለት።